ዳታቤዙን ተረክቤያለሁ፤ የትኛውን ኮርስ ልውሰድ?

ከአንዲት አንባቢ የደረሰኝ ጥያቄ፦ "አዲስ አበባ በሚገኝ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አይቲ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የተማርኩት ኔትወርክ ነው። ከሁለት ወር በፊት የዳታቤዝ ሰርቨሩን ይዞ የነበረው ባልደረባዬ ሥራ ለቀቀና እኔ ተረከብኩ። ርክክብ የተባለው የፓስወርድ ወረቀት ብቻ ነው። የዳታቤዝ ፕሮግራሙ ፖስትግሬስ ስሪት 12 ነው፤ ዳታው ወደ 12 ጊጋባይት ይጠጋል። ሪፕሊካ የሆነ ሁለተኛ ሰርቨር ስላለን ዳታው አስተማማኝ ነው። በየሌሊቱም ባክአፕ ይወሰዳል ተብያለሁ። እኔ ግን ሰርቨሩን መንካት እፈራለሁ። ሥራውን በደንብ ለመማር ሰርተፊኬት የሚሰጥ ኮርስ መውሰድ አስቤያለሁ። አንዳንዶች ኦራክል የሚባለውን የሌላ ዳታቤዝ ፕሮግራም ኮርስ ውሰጂ ይሉኛል። እርስዎ የትኛውን ይመክሩኛል?"

ኮርሱ ለጊዜው ይቆይ። ከእሱ በፊት መስተካከል ያለባቸው ሁለት ነገሮች ጽፈሻል። አንዱ ሪፕሊካ ስላለን ዳታው አስተማማኝ ነው የሚለው ነው። ሌላው ባክአፕ ይወሰዳል ተብያለሁ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሁለተኛው እውነት ይሁን አይሁን ዛሬ የሚያውቅ ሰው መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ የለም፤ አንቺም ጭምር።

ከሪፕሊካው እንነሳ። ሪፕሊካ ዋናው ሰርቨር ላይ የሆነውን ሁሉ እግር በእግር እየተከተለ የሚደግም ማሽን ነው። ጥሩውንም ይደግማል፣ ጥፋቱንም ይደግማል። አንድ ሰው የአንድን አባል ቀሪ ሂሳብ ሊያስተካክል ገብቶ "ዌር" የሚለውን፣ ለውጡ የትኛውን ረድፍ ብቻ እንደሚነካ የሚወስነውን መስመር ረሳው እንበል። የሁሉም አባላት ቀሪ ሂሳብ በአንዴ አንድ ዓይነት ይሆናል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ሪፕሊካው ላይም ደርሷል። ሪፕሊካው ትእዛዙ በስህተት ይሁን ሆን ተብሎ የተሰጠ አያውቅም፤ የታዘዘውን ይፈጽማል።

ታዲያ ሪፕሊካ ምን ይሠራል? ዋናው ማሽን ሲቃጠል፣ ፓወር ሰፕላዩ ሲሞት፣ ዲስኩ ሲበላሽ ሥራው ሳይቆም ወደ ሁለተኛው ለማዞር ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ አታጥፊው። ግን ከሰው ስህተት፣ ከፕሮግራም ስህተት፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ቫይረስ አያድንም። ሁለቱ ሰርቨሮች አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዩፒኤስ ላይ ከተሰኩ ደግሞ ከእሳትና ከሌባም አያድንም። ሬይድ የተባለው፣ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ የሚሠራው አሠራርም ያው ነው። የሚጠብቅሽ ዲስክ ሲሞት እንጂ ዳታ ሲጠፋ አይደለም።

ወደ "ተብያለሁ" ልምጣ። ጊትላብ የተባለውን ድርጅት ሳታውቂው አትቀሪም፤ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ማታ አንድ ባለሙያቸው ወደ ኋላ የቀረውን ሪፕሊካ ሊያስተካክል የሪፕሊካውን የዳታ ማውጫ መሰረዝ ፈለገ። ትእዛዙን የሰጠው ግን ዋናው ሰርቨር ላይ ሆኖ ነበር። አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ነቃና አስቆመው። ወደ 300 ጊጋባይት ከሚጠጋው ዳታ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ገደማ ነበር።

ባክአፕ ነበራቸው። እንዲያውም ከአንድ በላይ መንገድ ነበራቸው። በየቀኑ ወደ ክላውድ ይላካል የተባለውን ሲከፍቱት ባዶ ሆኖ አገኙት። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ነበር፤ ባክአፑን የሚወስደው ፒጂ ደምፕ የሚባል መሣሪያ ደግሞ የ9.2 ነበር። አሮጌ ፒጂ ደምፕ ከእሱ የሚበልጥ ስሪት ያለውን ሰርቨር አልቀዳም ይላል፤ ስለዚህ በየቀኑ እየወደቀ ነበር። መውደቁን የሚናገረው ኢሜይልም በላኪ ማረጋገጫ ጉድለት ምክንያት ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። ማንም አላወቀም። ያተረፋቸው አንድ ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ ብሎ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ የወሰደው የዲስክ ቅጂ ነው። እሱን መልሶ ለማስገባት 18 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። በመካከል የገባው የ6 ሰዓት ያህል ዳታ ግን ጠፍቶ ቀረ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ራሳቸው ስለጻፉት ነው። ሪስቶር እያደረጉ፣ ማለትም ዳታውን ከቅጂው እየመለሱ ሳለ ሥራውን በቀጥታ በዩቲዩብ አሳይተዋል። ምን እንደወደቀና ለምን እንደወደቀ አንድ በአንድ ለሕዝብ አወጡ። እኔ ከዚያ ጽሑፍ የተማርኩት ከብዙ ኮርሶች ይበልጣል።

የራሴንም ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ማይኤስኪውኤል የሚባል የሌላ ዳታቤዝ ፕሮግራም ሰርቨር ኃላፊ ነበርኩ። ባክአፑ በየሌሊቱ ይወሰዳል። ፋይሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያደገ ስለነበር ጤነኛ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ሰርቨሩ ሞተና ሪስቶር አደረግን። ቁጥሩ ሁሉ አለ። ቀኑ አለ። ገንዘቡ አለ። የሰው ስም ግን የለም፤ በስም ቦታ ???? ብቻ ተደርድሯል። ለካ ባክአፑ ሲወሰድ የፊደል ኮዱ ላቲን 1፣ ማለትም የላቲን ፊደላትን ብቻ የሚይዘው ተብሎ ተቀምጦ ኖሯል። የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የሁሉም ቋንቋ ኮድ ላይ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። ላቲን 1 ላይ ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። አንዴ ከተተካ ደግሞ መመለሻ የለውም። ከወረቀት ፎርም ላይ ስም እያነበብን መልሰን አስገባን። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ያን ፋይል አንድ ጊዜ እንኳ ሌላ ማሽን ላይ ከፍቼው ቢሆን፣ በአምስት ደቂቃ አየው ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ዳታቤዝ ማስተዳደርን በሪስቶር ጀምሪ። ከሁሉም በፊት፣ ከየትኛውም ኮርስ በፊት፣ የማኅበራችሁን ባክአፕ ባዶ ማሽን ላይ መልሰሽ አስነሺ። ይህን ስትሠሪ ኮርሱ ሊያስተምርሽ የሚችለውን ግማሹን ራሱ ሥራው ያስተምርሻል። ፍርሃትሽም የሚለቅሽ በዚህ መንገድ ነው። ሰርቨሩን መንካት የምትፈሪው ቢበላሽ መመለስ እንደምትችዪ ስለማታውቂ ነው። ፍርሃትሽ ልክ ነው፤ እስክታውቂ ድረስ አትንኪው።

አሠራሩን በዝርዝር ልንገርሽ። መጀመሪያ ባክአፑ የት እንዳለ ፈልጊ። ሊኑክስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዙ ሥራዎችን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሳው ክሮን ውስጥ ነው። በየትኛው ተጠቃሚ ስም ይሠራል? ፋይሉ የት ይቀመጣል? የመጨረሻው መቼ ነው? ስንት ሜጋባይት ነው? ፋይሉ የሚቀመጠው ራሱ ዳታቤዙ ያለበት ዲስክ ላይ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ቦታ ቅጂው። እሱ ዲስክ ሲሞት አብረው ይሞታሉ።

ቀጥሎ ትርፍ ማሽን አግኚ። ለ12 ጊጋባይት ዳታ የድሮ ዴስክቶፕ ይበቃል፤ 8 ጊጋ ራም ካለው ከበቂ በላይ ነው። ፖስትግሬስ ጫኚበትና ባክአፑን አስገቢ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት አለ። ፒጂ ደምፕ የአንድን ዳታቤዝ ሠንጠረዦችና ዳታ ይወስዳል እንጂ የተጠቃሚዎችን ስምና ፓስወርድ አይወስድም። እነሱ የሚወሰዱት በሌላ ትእዛዝ፣ በፒጂ ደምፕ ኦል ነው። የቀድሞው ባልደረባሽ እሱን ካላካተተው ሪስቶር ስታደርጊ "እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ የለም" የሚል ስህተት ይዘንብብሻል። ይህን የምታዪው ቅዳሜ ከሰዓት በትርፍ ማሽን ላይ ቢሆን ይሻላል። ሰኞ ጠዋት አባላት ተሰልፈው ሥራ አስኪያጁ ከኋላሽ ቆሞ ሲሆን ግን ከባድ ነው።

ስትጀምሪ ሰዓት ያዢ። ሲያልቅም ያዢ። ያ ቁጥር ትልቅ ዋጋ አለው። "ሰርቨሩ ቢሞት ስንት ሰዓት እንቆማለን?" ተብለሽ ስትጠየቂ ግምት ሳይሆን የለካሽውን ትናገሪያለሽ።

ከዚያ መፈተሽ ነው። "ያለ ስህተት አለቀ" ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም። የአባላትን ብዛት ቁጠሪ። የቁጠባውን ድምር አውጪና ሂሳብ ክፍሉ ለዚያ ቀን ካተመው ሪፖርት ጋር አስተያዪ። ጥቂት የአማርኛ ስሞችን ከፍተሽ በዓይንሽ እዪ። ፕሮግራሙን ከዚህ ዳታቤዝ ጋር አገናኝተሽ የአንድ አባል መግለጫ አትሚ። ሂሳብ ሠራተኛዋን ጥሪያትና እሷ ትየው። ቁጥር ሲዛባ ከእኔም ከአንቺም ፈጥና የምታየው እሷ ናት።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ። ፕሮግራማችሁ ለአባላት አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚልክ ከሆነ የሙከራውን ማሽን ከኢንተርኔት አላቅቂው። ለሙከራ የተነሳ ዳታቤዝ ለእውነተኛ አባላት የገንዘብ መልእክት ሲልክ አይቻለሁ። ሌላው፣ ሁለት ሰርቨር በአንድ ጊዜ ከፍተሽ ስትሠሪ የዋናውን መስኮት ቀለም ቀይ አድርጊው። ዳታ የሚያጠፋ ማንኛውንም ትእዛዝ ከመስጠትሽ በፊት የማሽኑን ስም አንብቢ። የጊትላቡ ባለሙያ ሥራውን የማያውቅ ሰው አልነበረም። መሽቶ ነበር፣ ሰርቨሩ ተምታታበት።

ሪስቶሩ ከተሳካ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ይህን አንቺ ብቻሽን አትመልሺውም፤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይዘሽ ሂጂ። ባክአፑ የሚወሰደው ሌሊት 8 ሰዓት ነው እንበል። ሰርቨሩ የሞተው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። የዚያን ቀን ገቢና ወጪ ሁሉ የለም ማለት ነው። ማኅበሩ ይህን ይችላል? ሁሉም ነገር በወረቀት ደረሰኝ የሚሠራ ከሆነ ደረሰኙን እያዩ መልሶ ማስገባት ይቻላል፤ አድካሚ ነው እንጂ ይቻላል። አባላት በሞባይል የሚከፍሉ ከሆነ ግን እጃችሁ ላይ ደረሰኝ የለም። ስንት ሰዓት የሚያህል ዳታ ቢጠፋ እንችላለን፣ ስንት ሰዓት ብንቆም እንችላለን፣ እነዚህ የአስተዳደር ውሳኔዎች ናቸው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ለዲስክ ገንዘብ ስትጠይቂም ይጠቅምሻል።

መልሱ "አንድ ሰዓት እንኳ አንችልም" ከሆነ የሌሊቱ ቅጂ ብቻውን አይበቃም። እዚህ ጋ ፖስትግሬስ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሂሳብ ሠራተኞች ጆርናልና ሌጀር የሚሉትን ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ጆርናል ላይ ይመዘገባል፣ ከዚያ ወደ ሌጀር ይተላለፋል። ፖስትግሬስም እንዲሁ ነው። ማንኛውም ለውጥ ዳታ ፋይሉ ላይ ከመስፈሩ በፊት ዋል የሚባል ጆርናል ላይ ይጻፋል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ዳታቤዙ ተነስቶ ከዚያ ጆርናል ያልተላለፈውን እያነበበ ራሱን ያስተካክላል። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ ይህ ስንት ጊዜ እንዳዳነን ብዙ ሰው አያውቅም። ጆርናሉ እያንዳንዳቸው 16 ሜጋባይት በሆኑ ፋይሎች ይቆረጣል። እነዚያን ፋይሎች ሲጠናቀቁ ወዲያው ወዲያው ወደ ሌላ ማሽን እየቀዳሽ፣ በተጨማሪ የዳታ ማውጫውን ሙሉ ቅጂ ፒጂ ቤዝባክአፕ በሚባለው መሣሪያ እየወሰድሽ ካስቀመጥሽ፣ "ከቀኑ 9 ሰዓት ከ42 ላይ የነበረውን ሁኔታ መልስልኝ" ማለት ትችያለሽ። ዌር ከተረሳበት ቅጽበት አንድ ደቂቃ በፊት ወዳለው ትመለሻለሽ። ይህን ሥራ የሚያቀልሉ እንደ ባርማን ያሉ ነጻ መሣሪያዎች አሉ። በሁለተኛው ወር ድረሺበት፤ በመጀመሪያው ሳምንት አይደለም።

የዚህ ጆርናል ማውጫ ድሮ ስሙ ፒጂ ኤክስሎግ ነበር። "ሎግ" የሚለውን ያዩ ሰዎች ዲስክ ሲሞላባቸው የማያስፈልግ የመልእክት ፋይል መስሏቸው ያጠፉት ነበር። ዳታቤዛቸውን በገዛ እጃቸው ገደሉ። ከስሪት 10 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ስሙ ፒጂ ዋል ተብሎ ተቀየረ። ስሙ የተቀየረው ለዚሁ ነው። ዲስክ ቢሞላብሽ ከዚያ ማውጫ አንድ ፋይል እንኳ በእጅሽ አታጥፊ።

ሪፕሊካሽ ደግሞ እዚህ ላይ ሌላ ፊት አለው። ሪፕሊኬሽን ስሎት በሚባለው መንገድ የተገናኘ ከሆነ፣ ዋናው ሰርቨር ሪፕሊካው ያልወሰደውን ጆርናል ሁሉ ያስቀምጥለታል። ሪፕሊካው ዓርብ ማታ ተዘግቶ ቢቀር ዋናው እስከ ሰኞ እያጠራቀመ ይጠብቀዋል። ዲስኩ ይሞላል። ሲሞላ ዋናው ራሱ ይቆማል። ከስሪት 13 ወዲህ ለዚህ ገደብ ማበጀት ይቻላል። የእናንተ 12 ነው፤ ገደብ የለውም። ለደኅንነት ያስቀመጣችሁት ማሽን ዋናውን ሊያቆመው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ስሎቶቹን ዛሬ እዪ፤ የማይሠራ ስሎት ካለ ለምን እንደቀረ አጣሪ። የዲስኩ ባዶ ቦታ ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ስልክሽ ላይ የሚደርስ ማስጠንቀቂያም አብጂ።

ይህን ሁሉ በማንበብ ብቻ አትለምጂውም። ትርፍ ማሽኑ ላይ ሆን ብለሽ አበላሺው። ፒጂቤንች የሚባለው መሣሪያ ከፖስትግሬስ ጋር አብሮ ይመጣል። በስኬል 100 ካስነሳሽው 10 ሚሊዮን ረድፍ ያለው የሙከራ ባንክ ይሠራልሻል፤ 1.5 ጊጋባይት ገደማ ነው። ሥራ እየሠራ ሳለ የኃይል ገመዱን ንቀዪው። መልሰሽ ስታበሪው የሚጽፈውን መልእክት አንድ በአንድ አንብቢ። ሠንጠረዥ አጥፊና መልሺ። ዲስኩን ሙዪው። ሪፕሊካ አገናኚና አጥፊው፣ ከዚያ ጆርናሉ ሲከማች ቁጭ ብለሽ እዪ። አንዴ በእጅሽ ያበላሸሽውንና ያዳንሽውን ነገር አትረሺውም። ዋናው ሰርቨር ላይ ሲደርስብሽም እጅሽ አይንቀጠቀጥም።

አሁን ወደ ኮርሱ። ሰርተፊኬት አልንቅም። ሥራ ለመወዳደር ይጠቅማል፤ ቀጣሪው ብዙ ጊዜ ሌላ መለኪያ የለውም። ግን የኦራክል ሰርተፊኬት ለእናንተ ፖስትግሬስ አይሆንም። ሐሳቡ አንድ ነው። ሁለቱም የቆሙት ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው የሠንጠረዥ አሠራር ላይ ነው። ትራንዛክሽን (አብሮ የሚጸና ወይም አብሮ የሚቀር የለውጦች ጥቅል)፣ ኢንዴክስ፣ ቁልፍ፣ ጆርናል ሁለቱም ጋ አሉ። ትእዛዙ፣ የባክአፑ መንገድ፣ ችግሩ የሚታይበት ቦታ ግን የተለያየ ነው። አንቺ ነገ ጠዋት የሚያስፈልግሽ እሱ ነው።

ለፖስትግሬስ ከሁሉ የተሻለው መማሪያ የራሱ መመሪያ ነው። ነጻ ነው፤ በየስሪቱ ተለይቶ ተቀምጧል። ረጅም ስለሆነ ከፊት ጀምረሽ አታንብቢው። ስለ ባክአፕና ሪስቶር የሚለውን ምዕራፍ አንብቢ፤ ቀጥሎ ስለ መደበኛ ጥገና የሚለውን፣ ከዚያ ስለ ጆርናሉ የሚለውን። ሦስቱን እያነበብሽ እያንዳንዱን ትእዛዝ ትርፍ ማሽኑ ላይ ሞክሪ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ በአማርኛ ማስታወሻ እየያዝሽ ሂጂ። በራስሽ ቋንቋ መግለጽ ካልቻልሽ ገና አልገባሽም ማለት ነው፤ ተመለሺበት።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ ባልፍ ጥሩ አይሆንም። ፖስትግሬስ 12 ድጋፉ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የደኅንነት ማስተካከያ አይወጣለትም። ወደ አዲስ ስሪት መሸጋገር አለባችሁ። ነገር ግን በዚህ አትጀምሪ። ሪስቶር ስትለማመጂ ሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ባክአፕ ድጋፍ ያለው አዲስ ስሪት ላይ አስገቢው። ያ ራሱ የሽግግሩ ልምምድ ነው። ፕሮግራሙ በአዲሱ ላይ በደንብ መሥራቱን ካየሽ በኋላ ቀን ቁረጪ። ቀኑ ደግሞ ከሰኔ 30 የራቀ ይሁን። በጀት ዓመት ሲዘጋ ሰርቨር የሚነካ ሰው ማንም አያመሰግነውም።

አሁን የማትነኪያቸውን ልንገርሽ። ሰርቨሩ ዘገየ ተብሎ ከኢንተርኔት የተገኘ የሴቲንግ ዝርዝር እንዳለ አታስገቢ። የዚያ ሰው ማሽን የአንቺ ማሽን አይደለም። ኤፍሲንክ የሚባለውን፣ ለውጡ በእርግጥ ዲስኩ ላይ መጻፉን የሚያረጋግጠውን ሴቲንግ "ፍጥነት ይጨምራል" ብለው እንድታጠፊ የሚመክሩ አሉ። እውነት ነው፣ ይፈጥናል። ግን መብራት አንዴ ሲጠፋ ዳታው እንዳልነበረ ሊሆን ይችላል። አውቶቫኩም የሚባለውንም ሰርቨሩን አጨናነቀ ብለሽ አታጥፊው። የሞቱ፣ ማለትም ተሰርዘው ወይም ተለውጠው የቀሩ አሮጌ ረድፎችን የሚያጸዳው እሱ ነው፤ የትራንዛክሽን ቁጥሩ ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጋው ገደብ ላይ እንዳይደርስ የሚጠብቀውም እሱ ነው። ግንኙነት በዛ የሚል ስህተት ሲመጣ መጀመሪያ የተፈቀደውን 100 ግንኙነት ወደ 1000 ለማሳደግ አትሩጪ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የከፈተውን ግንኙነት የማይዘጋው ፕሮግራም ነው። ዋናው ሰርቨር ላይ ዳታ በእጅ ማስተካከል የግድ ሲሆን ደግሞ ትራንዛክሽን በሚከፍተው በቢጊን ትእዛዝ ጀምሪ። ስንት ረድፍ እንደተነካ እዪ። አንድ ረድፍ ጠብቀሽ 14,000 ካለሽ ሮልባክ በዪ፤ ለውጡን ይሰርዘዋል። ትክክል ሲሆን ብቻ ኮሚት ብለሽ አጽኚው።

አቅምሽ የሚያበቃበትን ቦታም እወቂ። የዳታ ፋይል ተበላሽቷል የሚል መልእክት ካየሽ ዳታቤዙን አቁሚና ከምንም በፊት ሙሉውን የዳታ ማውጫ ወደ ሌላ ዲስክ ቅጂ። ፒጂ ሪሴትዋል የሚባል መሣሪያ እንድትጠቀሚ የሚነግርሽ ሰው ይኖራል። ዳታቤዙን ሊያስነሳው ይችላል፤ ግን ያልተላለፈውን ጆርናል ጥሎ ነው የሚያስነሳው። ውስጡ ያለው ሂሳብ ከዚያ በኋላ አይታመንም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ልምድ ያለው ሰው በክፍያም ቢሆን ጥሪ። እስኪመጣም በሙከራ ነገሩን አታባብሺው።

አሁን የቀረው እውቀቱን ማካፈል ነው፤ ይህን ከሥራው ለይቼ አላየውም። አንቺ ዛሬ የተቸገርሽው የቀድሞው ባልደረባሽ የሚያውቀውን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ ስለሄደ ነው። በክፋት አይደለም። ማንም ጻፍ አላለውም። አንቺ ጻፊ። ሪስቶር ስታደርጊ እያንዳንዱን እርምጃ፣ የገጠመሽን ስህተትና የፈታሽበትን መንገድ በአማርኛ ጻፊ። አትመሽም አስቀምጪው፤ ሰርቨሩ ሲሞት ማስታወሻው ያለበት ፋይልም አብሮ ሊሞት ይችላል። ከዚያ ለሌላ ሰው ስጪውና አንቺ ቁልፍ ሰሌዳውን ሳትነኪ እሱ እያነበበ ሪስቶር ያድርግ። ሰውዬው የቆመበት ቦታ ሁሉ ማስታወሻሽ የጎደለበት ቦታ ነው። እዚያው አርሚው። ሁለተኛ የአይቲ ሰው ከሌላችሁ ኮምፒውተር የሚቀናው ሂሳብ ሠራተኛም ይሆናል። ታምመሽ ብትቀሪ ማኅበሩ በአንቺ ስልክ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ቴሌግራም ላይ ካሉ የሙያ ቡድኖች እርዳታ ስትጠይቂ ስሪቱን፣ ሙሉውን የስህተት መልእክትና እስካሁን ያደረግሽውን ጻፊ። "ዳታቤዜ አልሠራ አለ፣ እርዱኝ" ለሚል ጥያቄ የሚመልስ ባለሙያ የለም። መፍትሔውን ስታገኚ ደግሞ ተመልሰሽ ጻፊው። ጠይቆ፣ ተረድቶ፣ ዝም ብሎ መጥፋት ሙያውን ይጎዳዋል። ከአንቺ በኋላ ያው ስህተት የሚገጥመው ልጅ ፈልጎ የሚያገኘው ያንቺን መልስ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ደግሞ ገና ጥቂት ነው፤ በአማርኛ ጻፊ።

ስታካፍዪ ግን የአባላት ስም፣ ስልክና ሂሳብ ያለበት የስክሪን ፎቶ እንዳትለጥፊ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን መረጃ የያዘ ድርጅት እንዲጠብቀው ያስገድዳል። የሙከራው ማሽንም ያው የአባላት መረጃ ነው ያለበት። ዲስኩን ቆልፊው፣ ቤት ይዘሽው አትሂጂ፣ ፈትሸሽ ስትጨርሺ ዳታውን ሰርዢው። ለመለማመድ የፒጂቤንች የውሸት ባንክ ይበቃሻል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ዋናው ሰርቨር ላይ ምንም አትቀይሪ፤ ስሎቶቹንና የዲስኩን ባዶ ቦታ ብቻ እዪ። ቅዳሜ የመጨረሻውን ባክአፕ ትርፍ ማሽን ላይ አስነሺ። ከተነሳ አንዱን ቅጂ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ውጫዊ ዲስክ ከሕንፃው ውጭ አስቀምጪ፤ በየወሩም ሪስቶሩን ድገሚ። ካልተነሳ ያኑ ቀን በእጅሽ አዲስ ባክአፕ ውሰጂ፣ እሱንም መልሰሽ አስነሺ፤ ሰኞ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ያገኘሽውን በግልጽ ንገሪው። ሦስት ወር እንዲህ ከሠራሽ በኋላ የፖስትግሬስ ኮርስ ውሰጂ። የኦራክሉን ተዪው።